ፍየል አላቢ

የሺዋስ ነገሩን የነገራት ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ መምህራን ክፍል ውስጥ ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ነው። ጂኦግራፊ ያስተምራል፤ ወሬ ሲያወራ የሻይ ብርጭቆውን በጣቱ ማሽከርከር ልማዱ ነው። ያን ቀን ግን ሻዩ ሳይነካ ቀዘቀዘ።

«እኛ መንደር እሑድ አውጫጭ ሊቀመጡ ነው» አላት። «ያንቺም ስም ተነሥቷል።»

የብርጓል ከምታርመው የፈተና ወረቀት ቀና አለች። የእሱ መንደር ገደል አፍ ትባላለች። ከአማኑኤል ወደ ቆላው በሚወርደው መንገድ፣ ደጋው አልቆ ሸለቆው በሚጀምርበት ጫፍ ላይ ናት። የብርጓል ደብረ ማርቆስ ተወልዳ ያደገች የባዮሎጂ መምህርት ናት፤ በዚያች መንደር ዘመድም ጠበኛም የላትም።

የሺዋስ ከሥሩ ጀምሮ አጫወታት። ከመጋቢት ወዲህ የገደል አፍ ፍየሎች ወተታቸው ነጥፏል። ግልገሎቹ ባዶ ጡት ሲጎትቱ ሰንብተው በእናቶቻቸው እግር ሥር እየወደቁ አለቁ። አንዳንዶቹ እናቶችም ዓይናቸውን ነጭ ነገር ጋርዶት ከአጥር ጋር ይላተማሉ። ሰዉ መጀመሪያ ድርቁን አማ፣ ቀጥሎ ሣሩን አማ፣ በመጨረሻ እትዬ ወለተ ሰንበትን አማ። እትዬ ወለተ ሰንበት ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በገደሉ አፋፍ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ከቤታቸው ጀርባ ባለው ጠጠራማ ተዳፋት ላይ አመድ የምትመስል፣ ቀን ቀን መሬት ላይ ተለጥፋ የምትውል ወፍ አለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትነሣና በየበረቱ ላይ ያለ ድምፅ ትዞራለች። ሌላው በድንጋይ ሲያባርራት እሳቸው ይከለክላሉ። የእሳቸው ፍየሎች ደግሞ ደኅና ናቸው።

«እስካሁን ሐሜት ነበር» አለ የሺዋስ። «አሁን ግን አምሳሉ የሚባለው ጎረቤታቸው ማስረጃ አለኝ ብሏል። በወላጆች ቀን እዚህ መጥቶ ግድግዳችን ላይ አንብቧል።»

ከዚህ በላይ መናገር አላስፈለገውም።

በወላጆች ቀን የብርጓል የባዮሎጂውን ክፍል ግድግዳ በወፍ ሥዕሎች ሸፍናው ነበር። ሥዕሎቹ ባሏ አማረ በእርሳስ የሣላቸው ናቸው። አማረ ወፍ ያጠና ነበር፤ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። በየካርዱ ላይ ከወፏ ሥዕል ሥር የሳይንስ ስሟን በአማርኛ ፊደል፣ ከዚያ ዝቅ አድርጎ የስሙን ትርጉም ጽፏል። ያደነችውን አንበጣ እሾህ ላይ ሰክታ የምታቆየዋ ወፍ ላኒየስ ትባላለች፤ ትርጉሙ ባለ ሉካንዳ። ቀኑን ሙሉ ሰማይ ላይ የምትወነጨፈዋ አፐስ ትባላለች፤ ትርጉሙ እግር የለሽ። አመድማዋ የምሽት ወፍ ካፕሪሙልገስ ትባላለች፤ ትርጉሙ ፍየል አላቢ።

አማረ ከስሞቹ ይልቅ የስሞቹን ታሪክ ይወድ ነበር። ማን እንዳወጣቸው፣ ምን አይቶ ወይም ምን ሳያይ እንዳወጣቸው እራት ላይ እያነሣ ይስቅ ነበር። ታሪኩ ግን ካርድ ላይ ቦታ አልነበረውም። የብርጓል ለወላጆች ቆማ ልታስረዳ አስባ ነበር፤ ያን ቀን እንግዶች እንድታስተናግድ ተጠርታ ሄደችና ክፍሉ ክፍቱን ዋለ። የገባው ሁሉ ያነበበውን አንብቦ ወጣ።

«አምሳሉ የሚለው ምን መሰለሽ» አለ የሺዋስ። «እኛ ብንል ሐሜት ትላላችሁ፣ ይኸው የተማረ ሰው ጽፎታል፣ ፈረንጅ ሳይቀር ያውቃታል ነው የሚለው።»

«ከፈረዱባቸው ምን ይሆናሉ?»

«ማን እሳት ይሰጣቸዋል? ማን ውኃ ይቀዳላቸዋል? ሲሞቱስ ማን ይቀብራቸዋል? ተዳፋቱንም በእሳት ሊለቁት ገለባ ከምረዋል።» ብርጭቆውን ገፋ አደረገው። «አትሂጂ ብዬ ነው የነገርኩሽ። ሰው በከብቱ ሲመጡበት ሌላ ሰው ነው። የእኔን አገር እኔ አውቀዋለሁ።»

አውጫጭ ምን እንደሆነ የብርጓል በስም ታውቀዋለች። መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ይቀመጣል፤ የቀረ ይጠረጠራል። ያየ ያየውን፣ የሰማ የሰማውን ይናገራል። በአደባባይ መናገር የፈራ «ወፍ» ተብለው ለተመረጡ ሰዎች በጆሯቸው ይነግራል፤ እነሱም የነገራቸውን ሰው ሳይጠሩ ቃሉን ለጉባኤው ያቀርባሉ። እልባት ሳይገኝ ማንም አይነሣም።

ያን ዕለት ማታ የአመድማዋን ወፍ ካርድ ከግድግዳው ላይ አነሣች። የለጠፈችበት ፕላስተር ጥጉን እንዳይቀድደው በጥፍሯ ቀስ ብላ ነው ያላቀቀችው።

እሑድ ባጃጁ መንገዱ እስከፈቀደለት ወሰዳት፤ የቀረውን በእግሯ ወረደች። ስትደርስ ቅዳሴ አብቅቶ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ዋርካው ሥር ተቀምጧል፤ ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ ወገን። በሴቶቹ በኩል አንዲት አሮጊት ዙሪያቸው ባዶ ሆኖ ተቀምጠዋል። ማንም ሳይነግራት እትዬ ወለተ ሰንበት መሆናቸውን አወቀች። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ከፊታቸው ያለውን መሬት ያያሉ። ወደ ገደሉ በሚወስደው ጥርጊያ ላይ የገለባው ክምር ይታያል።

የአውጫጩ ዳኛ አያ እንዳላማው የሚባሉ፣ ረጅምና ድምፃቸው ዝግ ያለ ሽማግሌ ናቸው። እንግዳይቱ ማን እንደሆነች ሲነገራቸው አጠገባቸው ካለው ድንጋይ ላይ ሰው አስነሥተው እዚያ አስቀመጧት። በአክብሮት ይሁን እንዳትሄድ ለመያዝ አልገባትም።

«ወፍ» ሆነው የተመረጡት ሰዎች ቃላቸውን አቀረቡ። ስም ያልተጠራ ሰው ወፏ ከእትዬ ወለተ ሰንበት ጣሪያ ተነሥታ ወደ አምሳሉ በረት ስትሄድ አይቻለሁ ብሏል። ሌላ ስም ያልተጠራ ሰው ደግሞ አሮጊቷ ወፏን ሲያናግሯት ሰምቻለሁ ብሏል። አሮጊቷ ይህን ሲሰሙ አልተንቀሳቀሱም።

ቀጥሎ አምሳሉ ተነሣ። ጎልማሳ ነው፤ ሲናገር ከዘራውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ያቀያይራል። ግልገሎቹን አንድ በአንድ በመልካቸው ጠራቸው፤ ቦራዋን፣ ግንባረ ነጯን፣ መንታ ተወልደው መንታ የሞቱትን። ከዚያ ወደ የብርጓል ዞረ።

አያ እንዳላማው አስማሏት። የማላውቀውን አልጨምርም፣ የማውቀውን አላስቀርም ብላ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል እጇን ዘርግታ ማለች።

መጀመሪያ የተናገረችው እንደ መምህርት ነው። ስሙ የላቲን መሆኑን፣ ሳይንስ ለእያንዳንዱ ፍጡር ሁለት ቃል ያለው ስም እንደሚሰጥ፣ ስም ማለት መለያ እንጂ መግለጫ እንዳልሆነ አስረዳች። የተናገረችው ሁሉ እውነት ነበር። ሆኖም ስትናገር የሰዉ ፊት እንደ በር ሲዘጋ ይታያታል። እንዳልገባቸው ሳይሆን እየሸሸች እንደመሰላቸው አወቀች።

«መምህርት» አለ አምሳሉ። «እኔ የምጠይቅዎት አጭር ነው። ተጽፏል ወይስ አልተጻፈም?»

«ተጽፏል።»

«ፍየል አላቢ ይላል ወይስ አይልም?»

«ይላል።»

«እንግዲህ እኔ ጨርሻለሁ» ብሎ ተቀመጠ።

ከኋላ አንድ ሰው፣ ፈረንጅ በረታችን አድሮ ካልሆነ ይህን ከየት አወቀው ሲል አጉተመተመ፤ ጥቂቶች ሳቁ። ሁለት ጎረምሶች ገለባውን ዞር ብለው አዩ።

አያ እንዳላማው በበትራቸው መሬቱን ነካ ነካ አደረጉ። «ልጄ፣ ይህን ስም ያወጣው ሰው ስታልብ አይቷታል?»

የብርጓል አላየም ብላ ልትቀመጥ ትችል ነበር። እሱም እውነት ነው። ግን አማረ እራት ላይ የነገራት ታሪክ በዚያ አያልቅም። ቀሪውን ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ ቀሪውን ማውራት ማለት ደግሞ ገለባው ላይ ክብሪት መጫር ነው። ወደ አሮጊቷ አየች። አሁን ከነጠላቸው በላይ በዓይናቸው እሷን እያዩ ነበር። ብታስቀረው ዛሬ ያልፋል። ነገ አንዱ በስልኩ ፈልጎ ያገኘውና መምህርቷ ደበቀችን ይላል፤ ያኔ የሚሟገትላቸው አይኖርም። አላስቀርም ብላም ምላለች።

«አላየም» አለች። «ከእረኞች ሰምቶ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ ባሕር ማዶ ባለ አገር አንድ ሊቅ ነበር። እረኞቹ የነገሩትን ጻፈ። ይህች ወፍ የፍየል ጡት ትጠባለች፣ የጠባችው ጡት ይደርቃል አሉት።» ወደ አሮጊቷ ሳታይ ቀጠለች። «ፍየሏም ዓይኗ ይጠፋል አሉት።»

ጉባኤው እንደ ንብ ቀፎ አጉረመረመ። አምሳሉ ተነሥቶ ቆሟል።

«ዓይኗም ይጠፋል አለች። ሰማችሁ? ይህን እኔ አላነበብኩም፣ ራሷ ናት ያወጣችው።» እርስዎ ማለቱን ትቶታል። «አንቺ ሴት፣ እስካሁን ይህን በሆድሽ ይዘሽ ነው ስለ ላቲን የምታወሪን?»

አንዱ ጎረምሳ ወደ ገለባው ሊሄድ ተነሣ። አያ እንዳላማው በትራቸውን ከፍ አደረጉ እንጂ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። የተነሣ ሁሉ የጥፋቱ ተካፋይ ነው አሉ። ጎረምሳው ተቀመጠ። አምሳሉ ግን አልተቀመጠም።

የብርጓል ማጉረምረሙ እስኪበርድ ጠበቀች።

«ያ ሰው ሲጽፍ እትዬ ወለተ ሰንበት አልተወለዱም» አለች። «የቅድመ አያታቸው ቅድመ አያትም አልተወለዱም። ጡት የሚያደርቅ፣ ዓይን የሚያጠፋ ደዌ ግን ያኔም ነበረ። እዚያ አገር የላኩት እሳቸው ናቸው?»

ከሴቶቹ ወገን የአምሳሉ ሚስት ስሜነሽ ሳትነሣ ተናገረች፤ ለባሏ ሳይሆን ለጎረቤቷ የምታወራ ይመስል ነበር።

«ሕመሙ ከአንዷ ፍየል አጠገቧ ወዳደረችው ነው የተሻገረው። እኔ ነኝ የማስገባቸው፣ አይቻለሁ። ጡታቸው መጀመሪያ እንደ ምድጃ ድንጋይ ይግላል። ወፍ ብትሆን ያቺን ወፍራሟን ትታ ከሲታዋን ትመርጣለች?»

«አንቺ ዝም በይ» አላት አምሳሉ።

«አውጫጭ ነው፣ ዝም የሚባልበት አይደለም» አለች ስሜነሽ።

አምሳሉ ከዘራውን ተከለ። «እሺ፣ ሴትዮዋ ትቅር። ወፏስ? እዚያም እሷ፣ እዚህም እሷ። ውሸት ከሆነ ይህን ሁሉ ዘመን ስሟን ይዛ የኖረችው ለምንድን ነው? ሳይንስ የዋሸውን አያርምም?»

የብርጓል ይህን ጥያቄ ራሷ አማረን ጠይቃው ነበር። የመለሰላትን መለሰች። በሳይንስ ስም አሰጣጥ ሕግ መጀመሪያ በደንቡ የወጣ ስም ይጸናል፤ የስሙ ትርጉም ስሕተት ሆኖ ቢገኝ እንኳ በዚያ ምክንያት አይለወጥም። በየአገሩ ያለ ሰው ያችኑ ወፍ በዚያው ስም እንዲያውቃት ነው እንጂ ስሙ እንዲመሰክርባት አይደለም።

«ቃል ነው» አለ አምሳሉ። «ምስክር አምጪ።»

ያን ጊዜ ከቤተ ክርስቲያኑ ክዳን ሥር ጥቋቁር ወፎች እየተወነጨፉ ወጡ፤ ዋርካውን ዞረው ተመለሱ። የብርጓል በዓይኗ ተከተለቻቸው። ከዚያ ከሽማግሌዎቹ ጋር ዝም ብለው ወደተቀመጡት ወደ ቄስ ፍቅረ ሥላሴ ዞረች።

«አባ፣ እነዚህ ወፎች እግር አላቸው?»

ቄሱ የሚቀለድባቸው መስሏቸው አዩዋት። «እንዴት አይኖራቸውም?»

«አይተዋል?»

«አንዷ ጫጩት ከክዳኑ ወድቃ ደጀ ሰላሙ ላይ አግኝቻት አንሥቻታለሁ። ጣቴን ስትይዘኝ ጥፍሯ መርፌ ነው። ከግድግዳው ላይ አስጠግቼ ነው የለቀቅኋት፣ እዚያው ጭምድድ አድርጋ ያዘች።»

«የእሷ የሳይንስ ስም እግር የለሽ ማለት ነው» አለች የብርጓል። «ስትቀመጥ አይተዋት የማያውቁ ሰዎች ናቸው ያወጡላት። አምሳሉ፣ እሷም በዚያው ግድግዳ ላይ አለች፣ አንብበዋት ይሆናል።»

ማንበቡ ከአምሳሉ ፊት ላይ ታየ።

«እግር ከሌላት በምን ተንጠልጥላ ታድራለች?» አለ ከኋላ ያው አጉተምታሚ።

«በጸሎት» አለው ሌላው፤ ሰዉ ሳቀ። ከጠዋት ጀምሮ ክፋት የሌለበት የመጀመሪያው ሳቅ ይህ ነበር።

አያ እንዳላማው ሳቁን አሳለፉትና ጉባኤውን ጠየቁ። ከዚህ ከተቀመጠው ሰው ይህችን ወፍ የፍየል ጡት ላይ አፏን አድርጋ በዓይኑ ያየ ካለ ይነሣ። ወፍ ሆነው የተመረጡትም ያየ ሰው የነገራቸው እንደሆነ ይናገሩ። ስትበር አይተዋታል፣ በረት አጠገብ አይተዋታል፣ አሮጊቷ ሲያናግሯት ሰምተዋል። ጡት ላይ ያያት አልተገኘም። ዳኛው አሮጊቷን፣ ወፏን ምን እንደሚሏት ጠየቋቸው።

«ሂጂ ከመንገድ ላይ፣ ይረግጡሻል ነው የምላት» አሉ እትዬ ወለተ ሰንበት።

አምሳሉ ቁጭ አለ። ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋደመው፤ ሲናገር ድምፁ ወርዶ ነበር።

«እና እኔ ማንን ልያዝ?»

ስሜነሽ ወደ መሬት አየች። የብርጓል ያን ጥያቄ ታውቀዋለች፤ ሆስፒታል በር ላይ ቆማ ለራሷ ብላዋለች።

አያ እንዳላማው ፈረዱ። በእትዬ ወለተ ሰንበት ላይ የተነሣው ነገር ወድቋል፤ ከእንግዲህ የሚያነሣው ሰው ካሳ ይከፍላል። የታመሙት ፍየሎች ለብቻ ይታሰሩ፤ ሰኞ ከአማኑኤል የእንስሳት ሐኪም ይጠራ። ገለባው ወደየባለቤቱ ይመለስ። ሰዉ ሊነሣ ሲል ግን አምሳሉ እጁን ዘረጋ።

«አንድ ነገር ቀርቷል። የእሷ ቃል ዛሬ ነው፣ ጽሑፉ ነገም ግድግዳ ላይ ነው። የሚቀጥለው ሰው እንደኔ ያነብና ይመጣል። ይሰረዝ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ ልክ ነው አሉ። የብርጓል ካርዱን ከቦርሳዋ አወጣች። ከሥሩ ማብራሪያ ልጨምርበት አለች። አያ እንዳላማው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ከሥር የተጻፈ ማን ያነባል፣ ልጄ? በሐሰት የመሰከረ ቃል በምስክር ፊት ይሰረዛል። ደንባችን ነው።»

ቄሱ እስክሪብቶ አቀበሏት። ካርዱን ቦርሳዋ ላይ አስደግፋ ጉልበቷ ላይ አደረገችው። ወፏ ክንፏን አጥፋ፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ጠጠር ላይ ተቀምጣለች። ከሥሯ ያለው ጽሑፍ የአማረ ነው፤ «የ»ን ሲጽፍ እግሩን ወደ ውጭ ይስበው ነበር፣ «ላ»ን ደግሞ ጠበብ ያደርገው ነበር። በመጨረሻው ክረምት፣ እጁ መድከም ሲጀምር የጻፈው ነው። ሌላ እንዲህ ያለ አይጻፍም።

እጇ ቆመ።

«ምን ሆንሽ?» አለ አምሳሉ። «ያላመንሽበት ነገር አለ?»

የማን እጅ እንደሆነ ብትነግራቸው ይተዉላት ነበር። አምሳሉም ቢሆን ይተዋል። ሰው ሁሉ ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ከንፈሩን ሲመጥላት ታያት። እዚህ የመጣችው ለዚያ አልነበረም። የእስክሪብቶውን ጫፍ ጽሑፉ ላይ አስነክታ ከግራ ወደ ቀኝ አሰመረች። ካርዱ በሰዉ መካከል እጅ ለእጅ ዞሮ ሰረዙ ታየና ተመለሰላት። አምሳሉ ሲያቀብላት በሁለት እጁ ነበር፤ እርስዎ ማለቱንም መልሶ ጀምሯል።

ፀሐይ ወደ ሸለቆው ስታዘነብል እትዬ ወለተ ሰንበት እስከ መንደሩ ዳርቻ ሸኟት። አላመሰገኗትም፤ እሷም አልጠበቀችም። በመንገዱ ላይ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ባጃጅ፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ነገሯት። ባጃጁ ከላይ ሲያጓራ ሲሰማ ቆሙና ወረቀቱን አሳዪኝ አሏት።

ከዓይናቸው አርቀው ያዙት። ፊደል አያውቁም፤ ያዩት ሥዕሉን ነው።

«እሷው ናት» አሉ። «እንዲህ ነው ጨፈን አድርጋ የምትውለው። የሣላት ሰው ቀስ ብሎ ቀርቧት ነው።»

«አዎ።»

«የማን እጅ ነው?»

«የባለቤቴ።»

እትዬ ወለተ ሰንበት ቀና ብለው ጥቁር ሻሿን አዩ። ከዚያ ወደ ካርዱ ተመልሰው አውራ ጣታቸውን ሰረዙ ላይ፣ ሳይነኩት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬዱት።

«ቀጭን ነው ያሰመርሺው» አሉ። «የተጻፈው ከሥሩ ይታያል።»

«አዎ» አለች የብርጓል። ካርዱን ተቀብላ መጽሐፍ መካከል አስገባችውና ዳገቱን ወደ ባጃጁ ወጣች።